ደበበ እሸቱ፤ መድረክ የወሰደው፣ ፊልም ያስቀረው

በዳላስና በፎርት ወርዝ አካባቢ ያደጉ ልጆቻችን ደበበ እሸቱን ያውቁት እንደሆነ የሚያውቁት እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው «ሻፍት በአፍሪካ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ይመስለኛል። በከፊል በኢትዮጵያ በተቀረጸው በዚህ ፊልም ዋናው ተዋናይ ሪቻርድ ራውንድትሪ ሲሆን፣ ደበበ ዋሳ የተባለውን ሰው ሆኖ ይታያል። ለወላጆቻቸው ግን ደበበ ከሁሉ አስቀድሞ የመድረክ ሰው ነው።

ይህ ልዩነት ከተዋናዩ ችሎታ የመነጨ አይደለም። ደበበ የቲያትር ጥበብን ቡዳፔስት ተምሯል። በጎረቤቲቱ በሩማንያ በዚያው ዘመን መንግሥት የፊልም ሥራን በስፋት ስላቋቋመ፣ አምዛ ፔሌያ በ1967 ንጉሥ ዴቼባልን፣ በ1971 ደግሞ ጀግናውን ሚሃይን ሆኖ በፊልም ተጫውቷል (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የዛሬው ሩማንያዊ ወጣት ሁለቱንም ከፍቶ ያያል። በእኛ አገር ግን «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. ከታየ በኋላ «ጉማ» እስኪመጣ አሥር ዓመት ያህል አልፏል። ታሪካዊውም ሆነ ማኅበራዊው ድራማ መኖሪያው መድረክ ነበር። ቴዎድሮስ በመድረክ ስንት ጊዜ ሞቷል! መጋረጃው ሲወርድ ግን ትወናውም አብሮ ይሄዳል፤ የሚቀረው የደራሲው ጽሑፍ ብቻ ነው።

የወጋየሁ ንጋቱ ዕድል በአንድ ነገር ይለያል። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ስለተረከው ድምፁ ተርፏል። በስደት ቤት ሆነን በካሴት የሰማነው እርሱን ነው። እንዲያውም ብዙዎቻችን መጽሐፉን ስናነብ የምንሰማው በወጋየሁ ድምፅ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ደበበ በ1998 ዓ.ም. ከቅንጅት መሪዎች ጋር ታስሮ በ1999 ተፈታ። በ2017 ሲያርፍ ስለ ፖለቲካውና ስለ አሜሪካው ፊልም ለመጻፍ ማስረጃ አልጠፋም፤ በመድረክ ላይ እንዴት ይቆም፣ እንዴት ይናገር እንደነበረ ለማስረዳት ግን ያዩትን ሰዎች ከመጠየቅ ሌላ መንገድ የለም። እነርሱም ዛሬ አብዛኞቹ ሰባውን ያለፉ ናቸው፤ ከፊሎቹም የሚኖሩት በዚሁ በስደት አገር ነው። የዚያን ጊዜ የቲያትር ማስታወቂያ፣ ፎቶግራፍ ወይም በቴፕ የተቀዳ ድምፅ በእጃቸው ያለ አንባብያን ቅጂውን ለዝግጅት ክፍሉ ቢልኩልን፣ ያዩበትን ዓመትና አዳራሽም ከጀርባው ቢጽፉልን እንለምናለን።