ጥጥ በድንበር ላይ፦ ከገዳሪፍ እስከ መተማ ያለው የአቅርቦት ስጋት

የአቅርቦት ሰንሰለት የሚባለው አንድ ልብስ ከጥጥ ማሳ ተነሥቶ መዳመጫን፣ መፍተያንና ስፌትን አልፎ ገዢው እጅ እስኪገባ ያለው የሥራ ቅብብል ሲሆን፣ ስጋቱን መመዘን ማለት ደግሞ ቅብብሉ የት ሊበጠስ እንደሚችልና ጉዳቱ እስከምን እንደሚደርስ አስቀድሞ መገመት ነው። በሱዳኗ ገዳሪፍና በኢትዮጵያዋ መተማ መካከል ያለው ቆላ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፤ ጥጡ በአብዛኛው በዝናብ የሚበቅልና በእጅ የሚለቀም በመሆኑ፣ ዝናቡ ቢዛባ ወይም ከደጋ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች መንገድ ቢዘጋባቸው ምርቱ ማሳ ላይ ሊቀር ይችላል። ድንበሩም ራሱ ሌላ ስጋት ነው፤ በሱዳን በኩል ያለችውን ጋላባትን በኢትዮጵያ በኩል ካለችው መተማ ዮሐንስ የሚያገናኘው ኬላ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ተዘግቶ በሐምሌ ተከፈተ፤ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ የሱዳን ጦርነት ፈነዳ።

ይሁንና የድንበር መዘጋትና ጦርነት ለማንም የሚታዩ ስጋቶች ናቸው፤ ይበልጥ የሚዘነጋው ጥጡ የሚታጨቅበት የላስቲክ ማዳበሪያ ነው። ከማዳበሪያው የተመዘዘች ክር ከጥጡ ጋር ተዳምጣና ተፈትላ ብታልፍ፣ እንደ ጥጥ ቀለም ስለማትቀበል፣ ጨርቁ ከተነከረ በኋላ ነጣ ያለች ጭረት ሆና ብቅ ትላለች፤ በዚያን ጊዜ የብዙ ገበሬዎች ጥጥ አንድ ላይ ተቀላቅሎ ስለሚሆን፣ ጉድለቱ ከማን ማሳ ወይም መጋዘን እንደመጣ ለማወቅ እጅግ ያስቸግራል።