ከሳሽ አለ፣ ሸንጎ አለ፣ እስር ቤት የለም

የፕሬስ ምክር ቤት ጋዜጠኞችና አሳታሚዎች በፈቃዳቸው የሚያቋቁሙት፣ የሥነ ምግባር ደንባቸው ሲጣስ የአንባቢን አቤቱታ የሚሰማ አካል ነው። ደንቡን ማንኛውም የጋዜጠኝነት ተማሪ ይሸመድደዋል፦ እውነቱን ዘግብ፣ የሚወቀሰውን ሰው ስማ፣ ምንጭህን ጠብቅ፣ ጉቦ አትንካ። እሱን እዚሁ ልተወው።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። «ምክር ቤቱ ጥፋተኛውን ምን ያደርገዋል?» ብዬ ስጠይቅ፣ ከማስተምረው የጋዜጠኝነት ክፍል የማገኘው መልስ «ፈቃድ ይነጥቀዋል» ነው። አይነጥቅም! እሱ የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ሥራ ነው። ካሳ የሚያስከፍለው ደግሞ ፍርድ ቤት ነው። የምክር ቤት ዋናው በትር ጥፋተኛ የተባለው ጋዜጣ ውሳኔውን በገዛ ገጹ እንዲያትም ማድረግ ነው።

ተማሪዎቼ ይስቃሉ። «ይሄም ቅጣት ሆኖ?»

ስዊድን ውስጥ ሆኗል። የጋዜጠኞችና የአሳታሚዎች ማኅበራት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1916 ያቋቋሙት ምክር ቤት በዓለም ቀዳሚው ነው ይባላል። በ1969 ደግሞ አቤቱታውን አስቀድሞ የሚመረምር የፕሬስ እንባ ጠባቂ ተጨመረለት። አቤት ባዩ አይከፍልም፤ ያጠፋው ጋዜጣ ግን ውሳኔውን ያትማል፣ የአስተዳደር ክፍያም ይከፍላል። ምክር ቤቱ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረው ማንንም ሳያስር ነው።

ሳቁ የሚቆመው ክፍል ውስጥ የሸንጎ ልምምድ ስናደርግ ነው። አንዷ አቤት ባይ፣ አንዱ ዋና አዘጋጅ፣ አምስቱ ሸንጎ ይሆናሉ። ጉዳዩ የፈጠራ ነው፤ ጋዜጣው አንዲትን ነጋዴ ስልክ እንኳ ሳይደውልላት በፊት ገጹ «አጭበርባሪ» ብሏታል። አዘጋጁ ጥፋቱን ቶሎ ያምናል። ክርክሩ የሚጦፈው «ውሳኔው የት ይውጣ?» ሲባል ነው። ስድቡ በፊት ገጽ በደማቅ ፊደል ነበር፤ አዘጋጁ ግን እርማቱን 14ኛው ገጽ ላይ፣ ከጨረታ ማስታወቂያ ሥር ሊሸጉጠው ይፈልጋል። አቤት ባይዋ ታዲያ «ቅጣት ካልሆነ ለምን ትደብቀዋለህ?» ብላ ታፋጥጠዋለች። እኔ ከዚያ በላይ የማስተምረው የለኝም።

በእኛ አገር የመገናኛ ብዙኃን ምክር ቤት የተመሠረተው በ2008 ዓ.ም. ነው። አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የእርስ በርስ ቁጥጥርን እውቅና ሰጥቶ፣ በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋት በወንጀል እንዳያስጠይቅ አድርጓል። ጋዜጠኛው ከእስር ስጋት በዚህ በኩል ሲተነፍስ፣ ስሙ የጠፋው ሰው አቤት የሚልበት ደጅ ሊያገኝ ይገባል። ፍርድ ቤት ጊዜም ገንዘብም ይበላል፤ የሙያው ሸንጎ ካልሠራ ያ ሰው በዳዩን ከመርገም በቀር ምን ይቀረዋል?

አዘጋጆች ሆይ፣ የተሳሳተን ዘገባ ከድረ ገጽ ድምፅ ሳያሰሙ ማንሳት እርማት አይደለም፤ ማስረጃ ማጥፋት ነው። አንባቢም በፌስቡክ ከመራገም በፊት ጋዜጣውን፣ ቀኑንና የተሳሳተውን ዓረፍተ ነገር ጠቅሶ ለአዘጋጁ ይጻፍ። መልስ ካጣ ለምክር ቤቱ አቤት ይበል።