ዙም የሌላት ፉጂ ኤክስ100 ቪአይ ለማን ናት?

ቲክቶክ ላይ ሳታዩዋት አትቀሩም። የድሮ የፊልም ካሜራ የምትመስል፣ ከላይ ብርማ፣ ወገቧ ጥቁር የሆነች ትንሽ ካሜራ። ስሟ ፉጂፊልም ኤክስ100 ቪአይ ነው። የካቲት 2016 ዓ.ም. ይፋ ስትሆን የአሜሪካ ዋጋዋ 1,599 ዶላር ነበር። ወዲያው ከየሱቁ አለቀች፤ ወራት ወረፋ የጠበቁም አሉ።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ሂሳብ አለ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያ ሂሳብ 1,599 ዶላር ማለት 91 ሺህ ብር አካባቢ ነው። ዶላር መቶ ብርን ሲያልፍ ያው ገንዘብ ወደ 160 ሺህ ብር ገባ፣ ከዚያም እያለፈ ሄደ። ይሄ ቀረጥና የሻጭ ትርፍ ሳይጨመር ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «ታምራለች ወይ?» አይደለም። ታምራለች። ጥያቄው እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ የማይሰጣችሁን ምን ትሰጣለች? ምንስ ትነሳለች? ነው።

ስልካችሁ የማይሰጣችሁ

አንደኛ፣ ሴንሰሩ። ሴንሰር ማለት ድሮ ፊልሙ የነበረበት፣ ብርሃኑ የሚያርፍበት ቦታ ነው። በስልክ ዓለም ትልቅ የሚባለው «1 ኢንች» ሴንሰር 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ነው። የእሷ 23.5 በ15.6 ነው። በስፋት ሦስት እጥፍ ማለት ነው፤ አብዛኛው ስልክ ላይ ያለው ደግሞ ከ1 ኢንቹም በጣም ያንሳል። ማታ፣ መብራቱ ደከም ያለ ካፌ ውስጥ የሰው ፊት ስታነሱ ልዩነቱን ታዩታላችሁ። ስልክ በሶፍትዌር አለስልሶ እንደ ሰም የሚያደርገው ፊት እዚህ ቆዳው ቆዳ ሆኖ ይቀራል። ከጀርባ ያለው የሚደበዝዘውም በሌንሱ ነው። ሶፍትዌር ገምቶ ስለማያደበዝዘው የፀጉር ጫፍ አይቆረጥም።

ሁለተኛ፣ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያስተካክል ሲስተም አላት፤ ከኤክስ100 ዘር የመጀመሪያዋ ናት። ግን ልብ በሉ፦ የምታስተካክለው የእናንተን እጅ ነው። እስክስታ የሚወርደውን ሰው አታቆምላችሁም።

ሦስተኛ፣ ሸተሯ ሌንሱ ውስጥ ስለሆነ ድምፅ የላትም ማለት ይቻላል። ጸጥታ በሚፈለግበት ቦታ ሰው ሳትረብሹ ታነሳላችሁ። በጠራራ ፀሐይ ፍላሽ መጠቀምም ይመቻል። ብርሃኑን ወደ 1/16 የሚቀንስ ፊልተር ውስጧ አለ፤ ለፀሐይ እንደተደረገ ጥቁር መነጽር ቁጠሩት።

አራተኛ፣ ቀለሟ። ፉጂ ፊልም ሲሠራ የኖረ ድርጅት ነው። 20 ዓይነት የፊልም ቀለም ካሜራዋ ውስጥ አለ። አንስታችሁ በአፕ ወደ ስልካችሁ ልካችሁ ያለ ምንም ኤዲት ትለጥፋላችሁ። ብዙ ሰው የወደዳት በዚህ ነው።

የምትነሳችሁ

ዙም የላትም፣ ሌንሷም አይነቀልም። እይታዋ ከስልካችሁ ዋና ካሜራ ትንሽ ጠበብ ያለ ነው፣ 35 ሚሊ ሜትር የሚባለው። ዙም የምታደርጉት በእግራችሁ ነው። ስታዲየም ላይ ተጫዋች፣ መድረክ ላይ ዘፋኝ ከሩቅ ላንሳ ካላችሁ እርሱት። 40 ሜጋፒክስል ስላላት ፎቶውን ቆርጦ ማቅረብ ይቻላል፤ ግን የዙም ሌንስን አይተካም።

ኪስ ውስጥም አትገባም። ባትሪና ሚሞሪዋን ይዛ 521 ግራም ናት፣ ከግማሽ ኪሎ ስኳር በላይ። የኪስ ከፈለጋችሁ ሪኮ ጂአር 3 አለች፤ 257 ግራም ብቻ፣ ሴንሰሯም በዚያው መጠን። እሷ ደግሞ በዓይን የሚታይበት ቪውፋይንደር የላትም፣ ባትሪዋም 200 ፎቶ ገደማ ላይ ያልቃል።

አቧራና ዝናብ እንድትቋቋም ለብቻ የሚገዛ ቀለበትና ፊልተር ፊቷ ላይ መግጠም አለባችሁ። ይሄን ወጪ ከመጀመሪያው ደምሩት። ሌንሷ ስለማይነቀል አንዴ ውስጧ የገባ አቧራ ቤት ውስጥ አይጸዳም።

ሥራ ልትሠሩባት ከሆነ

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ቁጠባችሁን አውጥታችሁ «ሰርግ እያነሳሁ እመልሰዋለሁ» ብላችሁ ከሆነ፣ ይቺ አይደለችም። የሚሞሪ ማስገቢያዋ አንድ ብቻ ነው። ሚሞሪው ቢበላሽ መጠባበቂያ ኮፒ የለም፤ ሙሽሮቹ ደግመው አይጋቡላችሁም። ከአዳራሹ ጥግ ሆናችሁ የቀለበት ሥነ ሥርዓቱን አቅርባችሁ ማንሳትም አትችሉም። ለእንጀራ ከሆነ በዚህ ብር ሌንሱ የሚቀያየር፣ ሁለት ሚሞሪ የሚይዝ፣ ያገለገለም ቢሆን ደህና ካሜራ ፈልጉ። ኤክስ100 የመንገድ፣ የጉዞ፣ የቤተሰብ ካሜራ ናት። ሥራ ያለው ሰው ለራሱ የሚገዛት እንጂ ሥራ የምታስጀምር አይደለችም።

ከመግዛታችሁ በፊት

በነጻ ሞክሯት። ለሁለት ሳምንት ስልካችሁን ወደ 1.5 እጥፍ አድርጋችሁ ዙም ሳትነኩ ብቻ አንሱ። በእሷ የምታዩት በግምት ይሄንኑ ነው። ከተመቻችሁ ጥሩ ምልክት ነው። ካናደዳችሁ ብራችሁ ተረፈላችሁ።

ያገለገለች ከሆነ ደግሞ አፐርቸሯን ኤፍ 16 ላይ አድርጋችሁ ነጭ ግድግዳ አንሱና ፎቶውን አጉልታችሁ እዩት። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ አቧራ ገብቷል ማለት ነው። ሻጩ «ይጠረጋል» ቢላችሁ ጠርጎ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፣ ከዚያ ነው ብር የሚቆጠረው።