ዓርማውን ማን ይምረጥ? የእጅ ሥራ ብርጭቆ፣ የደንበኞች ክርክርና የይርጋጨፌ ትምህርት



አነስተኛ የእጅ ሥራ የጀመሩ ወንድሞችና እህቶች በተደጋጋሚ የሚገጥማቸው አንድ ጥያቄ አለ። ለምርታቸው የሚሆነውን ዓርማ ማን ይምረጥ? ባለቤቱ፣ ሠዓሊው ወይስ ደንበኛው? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ብዙ ገንዘብና ብዙ ድካም የሚባክንበት ነው። በዚህ ጽሑፍ ዓርማ ምን እንደሚሠራ፣ ደንበኞች ስለ ዓርማ ሲከራከሩ በእርግጥ ምን እየነገሩን እንደሆነና ሕጉ ምን እንደሚል በቅደም ተከተል እናያለን።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ዲላን ምሳሌ እናድርግ። አንድ ወጣት ያገለገሉ ጠርሙሶችን እየቆረጠ፣ ጠርዛቸውን እያለሰለሰ የሻይ ብርጭቆና የመብራት መሸፈኛ ይሠራል እንበል። ሦስት ረቂቅ ዓርማ አስሎ ለደንበኞቹ አቀረበ። አንዱ ብርሌ ነው። ሁለተኛው የጌዴኦ ትክል ድንጋይ ነው። ሦስተኛው የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ነው። አስር ሰው ጠየቀ፤ አስር ዓይነት መልስ አገኘ። አሁን ምን ያድርግ?

ዓርማ ከጌጥ በፊት ምስክር ነበር

መልሱን ለማግኘት ምልክት መጀመሪያ ለምን እንደተፈለገ ማወቅ ይጠቅማል። በብርጭቆ ሥራ ታሪክ ውስጥ ጥሩ ማስረጃ አለ። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. ኤንዮን የሚባል የብርጭቆ ባለሙያ ነበር። ይሠራበት የነበረው ቦታ ዛሬ ሊባኖስ ውስጥ ያለችው ሲዶን (ሶይዳ) እንደሆነች ይታመናል። በቅርጽ ማውጫ እየነፋ በሚሠራቸው ዕቃዎች ላይ የሠራው እሱ መሆኑን በግሪክኛ ይጽፍ ነበር። በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ገዢውም እንዲታወስ የሚመኝ ቃል አክሎበታል። ሠሪና ገዢ በአንድ ዕቃ ላይ አብረው ተጠቅሰዋል ማለት ነው።

በስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በኡመያዎችና በዐባሲዮች ዘመን፣ በግብፅ በብርጭቆ መለኪያ ዕቃዎች ላይ ማኅተም ይደረግ ነበር። ማኅተሙ ዕቃው የሚይዘውን መጠንና ያዘዘውን ባለሥልጣን ስም ይናገራል። ዘይት የሚገዛ ሰው ማኅተሙን አይቶ ልኬቱ እንዳልጎደለ ያውቃል። ሱረቱል ሙጦፊፊን ሚዛን አጉዳዮችን በብርቱ እንደሚያስጠነቅቅ የሚያውቅ አንባቢ፣ ያ ትንሽ የብርጭቆ ማኅተም ምን ያህል ከባድ አማና እንደነበረ ይረዳል።

ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ለነገሥታት ደብዳቤ ለመላክ ባሰቡ ጊዜ፣ ማኅተም የሌለበትን ደብዳቤ እንደማያነቡ ተነገራቸው። በዚህ ምክንያት የብር ቀለበት አሠርተው ስማቸውንና መልእክተኛነታቸውን አስቀረጹበት፤ ሌላ ሰውም ያንኑ ጽሑፍ በቀለበቱ ላይ እንዳያስቀርጽ ከለከሉ። ይህ በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባ የታወቀ ነው። ሁለት ነገር እናስተውል። ማኅተሙ የተሠራው ተቀባዩ ላኪውን እንዲያውቅና እንዲያምን ነው። መገልበጡ የተከለከለውም ያ መተማመን እንዳይናጋ ነው።

ስለዚህ ዓርማ «ይህን የሠራው እገሌ ነው፤ ተጠያቂውም እሱ ነው» የሚል ምስክር ነው። ማማሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ደንበኞች ሲከራከሩ ምን እያሉ ነው?

ወደ ዲላው ወጣት እንመለስ። ብርሌው ለአንዱ ደንበኛ የጠጅ ቤት ምልክት ነው። ለሌላው ደግሞ በድግስ ቀን ብርዝ የሚቀዳበት የቤት ዕቃ ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሥዕሉ ግን ለሁለቱ ሁለት ሱቅ ያሳያል። ከዚህም በላይ ወጣቱ ብርሌ አይሠራም። የሻይ ብርጭቆ እየሸጠ ብርሌ በዓርማነት ማውጣቱ የሌለውን ዕቃ ማስተዋወቅ ይሆንበታል።

ትክል ድንጋዩ የአገር ኩራት ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተካሄደው ጉባኤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ነገር ግን ቱቱ ፈላ የመቃብር ሥፍራ ነው፤ ከድንጋዮቹም የሰው መልክ የተቀረጸባቸው አሉ። አንዱ ደንበኛ «የአያቶቻችንን መቃብር ሻይ ብርጭቆ ላይ?» ቢል፣ ሌላው የሰው ምስል ስላለበት ቅር ቢለው የሚያስገርም አይደለም። የእንግዳ ገዢን ቀልብ የሚስበው ሥዕል ለአገሬው ሌላ ትርጉም አለው።

ፊደሉም ክርክር ያስነሳል። ጌዴኡፋ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ የአጎራባቾቹ የጉጂና የሲዳማ ቋንቋዎችም እንደዚሁ። አማርኛ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል። «በየትኛው ፊደል ይሁን?» የሚለው ደንበኛ ስለ ውበት የሚጠይቅ ይመስላል እንጂ የሚጠይቀው «ይህ ሱቅ እኔንም ያስባል ወይ?» ብሎ ነው።

እንግዲህ ክርክሩ ዋጋ አለው። ዋጋው ግን ከድምፅ ቆጠራው ላይ አይደለም። ስድስት ሰው አንዱን፣ አራት ሰው ሌላውን መውደዱ ብዙ አይጠቅመንም። የሚጠቅመን እያንዳንዱ ለምን እንደወደደ ወይም ለምን እንደሸሸ ማወቁ ነው።

ትልልቆቹም ተምረውበታል

ይህ የትንሽ ሱቅ ችግር ብቻ አይደለም። ጋፕ የተባለው የአሜሪካ ልብስ ሻጭ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 ዓርማውን ቀይሮ ነበር። ደንበኞች ስለተቃወሙ በአንድ ሳምንት አካባቢ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ትሮፒካና የተባለው የብርቱካን ጭማቂ እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ የማሸጊያውን መልክ ለወጠ። ለዓመታት የታወቀውን፣ ገለባ የተተከለበትን ብርቱካን አነሳው። ሽያጩ በሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ወደ 20 በመቶ ገደማ መውረዱ ተዘግቧል፤ የቀድሞው ማሸጊያም ተመለሰ።

ከሁለቱ የትሮፒካናው ይበልጥ ያስተምራል። ብዙ ገዢዎች የለመዱትን ካርቶን ከመደርደሪያው ላይ ሲፈልጉ ማግኘት አቃታቸው። ጭማቂው አልተለወጠም። የተለወጠው ምስክሩ ነው።

ይርጋጨፌ፦ ስሙ የማን ነው?

ከሁሉም የሚቀርበን ምሳሌ እዚያው ጌዴኦ ዞን ውስጥ ነው። ከዲላ በሞያሌ መንገድ ወደ ደቡብ ሲጓዙ የምትገኘው ይርጋጨፌ ስሟ በዓለም የቡና ገበያ የታወቀ ነው። ስሙ በውጭ አገር ማሸጊያ ላይ በውድ ዋጋ ሲሸጥ ቡናውን የሚያለማው ገበሬ የሚያገኘው ግን ጥቂት ነበር።

ኢትዮጵያ በመጋቢት 1997 ዓ.ም. በአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በኩል ይርጋጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። የይርጋጨፌ ማመልከቻ አለፈ። በሌሎቹ ላይ ግን የአሜሪካ ብሔራዊ ቡና ማኅበር ተቃውሞ አቀረበ፤ ስሞቹ የቡና ዓይነት መጠሪያ ናቸው የሚል ክርክርም ተነሳ። ስታርባክስ በበኩሉ ከንግድ ምልክት ይልቅ የቦታ ማረጋገጫ ምልክት ይሻላል የሚል አቋም ያዘ።

እዚህ ላይ ደንበኞች ገቡ። ኦክስፋም በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ ዘመቻ ከፈተ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ለኩባንያው ጻፉ፣ ደወሉ። የጠየቁት ማሸጊያው ስለማማሩ አልነበረም። የጠየቁት «ስሙ የማን ነው? ጥቅሙስ ለማን ይደርሳል?» የሚለውን ነው። በሰኔ 1999 ዓ.ም. ስታርባክስና ኢትዮጵያ ተስማሙ፤ ኩባንያው ኢትዮጵያ በሦስቱ ስሞች ላይ ያላትን ባለቤትነት ተቀበለ።

ስምምነቱ የገበሬውን ችግር በአንድ ቀን አልፈታም፤ የቡና ዋጋ በብዙ ነገር ይወሰናል። ነገር ግን ስም ሀብት መሆኑንና ባለቤቱ ቀድሞ ካላስመዘገበው ሌላ ሰው ሊነግድበት እንደሚችል ለሁላችንም አሳይቷል።

ሕጉ ምን ይላል?

በአገራችን ጉዳዩን የሚመራው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው። ቃላት፣ ሥዕል፣ ፊደል፣ ቁጥር፣ ቀለም፣ የዕቃው ወይም የማሸጊያው ቅርጽ ወይም የእነዚህ ጥምረት ምልክት ሊሆን ይችላል። ዋናው መስፈርት የአንዱን ዕቃ ከሌላው መለየቱ ነው። «ጥሩ ብርጭቆ» የሚል ዓርማ የዕቃውን ዓይነትና ጥራት ብቻ ስለሚናገር ለምዝገባ አይበቃም።

ብዙዎች የሚያምታቱት ነገር አለ። ንግድ ፈቃድ ሲወጣ የሚመዘገበው የንግድ ስም ነው፤ የንግድ ምልክት ግን ሌላ ነው። የምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ተመዝግቦ የምስክር ወረቀት ሲሰጥ ነው። ማመልከቻው ይመረመራል፤ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብም ማስታወቂያ ይወጣል። ጥበቃው ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 7 ዓመት ሲሆን በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። ስለዚህ ዓርማውን ለሕዝብ ክርክር ከማውጣት በፊት ተመሳሳይ ምልክት አለመኖሩን ማጣራት ብልህነት ነው። ከሠዓሊው ጋርም የዓርማው መብት ለማን እንደሆነ በጽሑፍ መስማማት ከኋለኛ ጠብ ያድናል።

እንዴት እንጠይቅ?

ከላይ ካየነው ተነስተን ለአነስተኛ አምራቾች የሚከተለውን እንመክራለን።

አንደኛ፣ «የቱ ያምራል?» ብለን አንጠይቅ። ዓርማውን ለጥቂት ሰከንድ አሳይተን እንሸፍነውና «ይህ ሱቅ ምን የሚሸጥ ይመስልሃል?» እንበል። በማግሥቱ ያንኑ ሰው ያስታወሰውን በቃሉ እንዲነግረን እንጠይቅ። ያልታወሰ ዓርማ ቢያምርም አይሠራም።

ሁለተኛ፣ ወዳጅና ዘመድ ብቻ አንጠይቅ። ከእኛ የገዙትን፣ ዕቃችንን አይተው የማያውቁትን፣ ወደ አዲስ አበባ የሚወስዱትን ነጋዴዎችም እንጠይቅ። ከሦስት በላይ አማራጭ ማቅረብ ግን ጠያቂውንም ተጠያቂውንም ያደክማል።

ሦስተኛ፣ ዓርማውን ወረቀት ላይ ሳይሆን ብርጭቆው ላይ እንፈትነው። ብርጭቆ ብርሃን ያሳልፋል፤ ባዶውን ሲሆንና ሻይ ሲሞላበት የሚታየው ይለያያል። ቀጭን መስመር ይጠፋል፤ ተለጣፊ ወረቀት በእጥበት ይላላል። በአንድ ቀለም፣ በአውራ ጣት ጥፍር መጠን የሚነበብ ዓርማ ይበጃል።

አራተኛ፣ የአላህን ስምና የቁርኣን አንቀጽን ለዓርማ አናውል። ማሸጊያ ይጣላል፣ ይረገጣል፤ ብርጭቆም ይሰበራል። «ሐላል» የሚለውንም ቃል ባዶ ብርጭቆ ላይ ለገበያ ማድመቂያ መለጠፍ የጎረቤትን ዕቃ ያለ ማስረጃ ማስጠርጠር ይሆናል።

አምስተኛ፣ ምክክሩ ካለቀ በኋላ ባለቤቱ ይወስን። ሹራ ማለት የሰሙትን ሁሉ መደባለቅ አይደለም። ብርሌውን፣ ድንጋዩንና ፊደሉን አንድ ላይ ያጨቀ ዓርማ ማንንም አያስደስትም። ያልተመረጠው ሐሳብ ባለቤት ግን ለምን እንደቀረ ቢነገረው ደንበኝነቱ ይቀጥላል።

የዲላው ወጣት በዚህ መንገድ ቢሄድ ሦስተኛው ረቂቅ፣ ማለትም ፊደሉ፣ ሳያሸንፍ አይቀርም። ምንም የሌለውን ዕቃ አያስመስልም፤ ሠሪውን ብቻ ይናገራል። ቀሪው የሥራው ድርሻ ነው። ጠርዙ ከንፈር ካልቆረጠ፣ የተሰነጠቀው ለሽያጭ ካልቀረበ፣ ዋጋው ለሁሉም አንድ ከሆነ ያቺ ፊደል ከዓመት ወደ ዓመት ክብደት ይኖራታል። ይርጋጨፌም የሚያከራክር ስም የሆነው የቡናው ጣዕም ስላስከበረው ነው።

አላህ የሥራችሁን ፍሬ በረካ ያድርግላችሁ።