የሰፈር ሜዳ ስንት ሰው ይችላል?

የሰፈራችሁን ኳስ ሜዳ እስቲ ከላይ ሆናችሁ እንደምታዩት አስቡት። ሳሩ የጠፋው የት የት ነው? በሁለቱ ጎሎች አፍ ላይ፣ መሃል ክቡ አካባቢ፣ ደግሞም ሰው አቋርጦ ወደ ታክሲ በሚሄድባት ቀጭን መንገድ ላይ ነው፤ አይደል? ማዕዘኖቹ ግን አረንጓዴ ናቸው። ሜዳ እኩል አያረጅም ማለት ነው። «ሜዳው ተበላሸ» ስንል አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ጥቂቱ ክፍል ነው፤ ያውም ሁላችንም የምንፈልገው ክፍል።

እኔ የምማረው ምህንድስና ነው። እኛ አፈር ስናጠና የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ይሸከማል ወይ?» የሚል ነው። ለኳስ ሜዳ ግን ነገሩ ይገለበጣል። መንገድ ሠሪ አፈሩ እንዲጠጥር ይለፋል፤ ሜዳ ሲጠጥር ደግሞ ሳሩ ይሞታል። ጤነኛ አፈር ግማሽ ያህሉ ባዶ ቀዳዳ ነው። ሥር የሚተነፍሰውም፣ ውሃ ወደ ታች የሚወርደውም በዚያ ቀዳዳ ነው። ስንረግጠው የምናጠፋው እሱን ነው።

«ሰው ምን ያህል ይከብዳል?» ትሉ ይሆናል። እናስላው። 60 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ እግሩ ሲቆም 590 ኒውተን ያህል ኃይል 150 ካሬ ሴንቲ ሜትር በሚሆን ጫማ ላይ ያርፋል፤ ይህ ወደ 40 ኪሎ ፓስካል ይመጣል። ሲሮጥ ግን መሬቱን የሚመታው በክብደቱ 2.5 እጥፍ ገደማ ነው፤ የሚያርፈውም በጫማው ግማሽ ላይ ነው እንበል። አሁን ወደ 200 ኪሎ ፓስካል ደረስን። የቤት መኪና ጎማ የሚነፋው እዚያው አካባቢ ነው! ማለትም በአንድ ጨዋታ 22 ሰው ሲሯሯጥ፣ ጎል አፍ ላይ ያለችው መሬት መኪና ደጋግሞ እንደሄደባት ትቆጥረዋለች። ጉዳቱ የሚቀለው መኪናው ከባድ ስለሆነ ጭነቱ ወደ ታች ጠልቆ ስለሚሄድ፣ የሰው ግን ላይ ላዩን ስለሚቀር ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአዲስ አበባው የአትክልት ገበያ ለጊዜው ወደ ጃን ሜዳ ሲዛወር የጭነት መኪኖችም አብረው ገብተው ነበር። እንዲህ ያለው ጭነት በጥልቀት የጠቀጠቀው አፈር ላይ ላዩን በመኮትኮት ብቻ አይመለስም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መንገድ ሲሠራ አይታችሁ ከሆነ፣ ከሮለሩ በፊት ቦቴ ውሃ ይረጫል። ለአቧራው ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1933 እ.ኤ.አ. ራልፍ ፕሮክተር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እንዳሳየው፣ አፈር ይበልጥ የሚጠቀጠቀው ደረቅ ሲሆንም ሳይሆን፣ ጭቃ ሲሆንም ሳይሆን፣ መሃል ላይ ባለ እርጥበት ነው። ውሃው ቅንጣቶቹን ያንሸራትታቸውና ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። ጭቃው ላይ መጫወት ሳሩን ይነቅላል፣ አፈሩንም ያቦካል፤ ይህንን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን የማግስቱን ቀን ነው። «ዛሬማ ጠጠር ብሏል፣ እንግባ» የምንልበት ቀን፣ መንገድ ሠሪ ቢሆን ሮለሩን የሚያስነሳበት ቀን ነው።

የኛ አገር ችግር ደግሞ ሌላ አለ። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ የሚበረታውም ሐምሌና ነሐሴ ነው። ሜዳው በጣም የሚፈለግበት ወርና በጣም ደካማ የሚሆንበት ወር አንድ ላይ ይወድቃሉ። የክረምት የሰፈር ውድድሮችም እዚያው ናቸው። ስለዚህ የውጭ መመሪያ አንብቦ «በዝናብ ወቅት ዝጉት» ማለት ቀላል ነው፣ ልጆቹ ግን የት ይሂዱ?

ቢያንስ የትኛውን ቀን መዝለል እንዳለባችሁ በእጃችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። ስዊድናዊው አልበርት አተርበርግ ከመቶ ዓመት በፊት የጀመረው ፍተሻ ነው፤ ዛሬም በየላቦራቶሪው እንሠራዋለን። ከአምስት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ትንሽ አፈር ውሰዱና በመዳፋችሁ እንደ ክር አንከባሉት። 3 ሚሊ ሜትር እስኪቀጥን ድረስ ሳይሰባበር ከተንከባለለ አፈሩ ገና ሊጥ ነው፤ አትግቡ። ከዚያ በፊት ከተሰባበረ ይሻላል፤ ፍርፍር ካለ ግቡ። ይህ የሚሠራው ሸክላማ ለሆነ አፈር ነው፤ በቦሌ በኩል እንዳለው መረሬ ለሆነው ማለት ነው። መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ደግሞ ቁርጭምጭሚት የሚያስወልቅ ስንጥቅ ይከፍታል።

ውሃውስ? አንድ ሙሉ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ቢሆን ስፋቱ 7,140 ካሬ ሜትር ነው። በአንድ ሰዓት 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥልበት ወደ 143 ሜትር ኩብ ውሃ ወረደ ማለት ነው። ሸክላ አፈር በሰዓት ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚያሰርገው። 3 ሚሊ ሜትሩን ቢጠጣ እንኳ 121 ሜትር ኩብ ያህል ላዩ ላይ ይቀራል፤ 10 ሺህ ሊትር የሚይዝ ቦቴ 12 ጊዜ መጥቶ ቢደፋ እንደማለት ነው። ይህን ውሃ ማስወጣት የሚቻለው በተዳፋት ነው። መሃሉ ከዳሩ በ1 በመቶ ቢያዘነብል፣ ከመሃል እስከ መስመሩ 34 ሜትር ስለሆነ፣ መሃሉ በ34 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ስትጫወቱ አይታወቃችሁም፣ ውሃው ግን ያውቃል። ዙሪያውን አንድ ቦይ ካለና ቆሻሻ ካልደፈነው ብዙ ችግር ያልፋል።

ጎል አፍ ላይ ለተጎደጎደው ኩሬ የተለመደው መፍትሔ ከግንባታ የተረፈ አፈር አምጥቶ መድፋት ነው። አይሠራም። ከሥሩ ያለው እንደ ገንዳ የጠጠረ ስለሆነ አዲሱ ልቅ አፈር ውሃውን ጠጥቶ እዚያው ይዞት ይቀመጣል። መጀመሪያ የገንዳውን ወለል በዶማ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል መቆፈር፣ ከአሸዋና ከብስባሽ ጋር መቀላቀል፣ ከዚያ ነው መሙላት። ላዩ ላይ ሰርዶ ትከሉበት። ሰርዶ በየመንገዱ ስለሚበቅል ንቀነው ነው እንጂ፣ በዓለም ትልልቅ ስታዲየሞች የሚተከሉት ዝርያዎች አንዳንዶቹ የሱ ዲቃላዎች ናቸው። እየሳበ ስለሚሄድ የተራቆተውን ቦታ ራሱ ይሸፍነዋል፤ ጊዜ ከሰጣችሁት።

ጊዜ መስጠት ደግሞ የሰው ጉዳይ ነው። «የተሸነፈ ይወጣል፣ ያሸነፈ ይቆያል» የሚለውን ሕግ ታውቁታላችሁ። ፍትሐዊ ይመስላል፤ እስቲ በሒሳብ እንየው። አንድ ጠንካራ ቡድን እያንዳንዱን ጨዋታ የማሸነፍ ዕድሉ 80 በመቶ ከሆነ፣ አንዴ ከገባ በአማካይ 5 ጨዋታ ይጫወታል። 20 በመቶ ዕድል ያለው ደካማ ቡድን 1.25 ጨዋታ ብቻ። ልዩነቱ አራት እጥፍ ነው! «ያሸነፈም ቢሆን ከሁለት ጨዋታ በኋላ ይወጣል» የሚል አንዲት ሐረግ ብትጨምሩ ጠንካራው 1.8፣ ደካማው 1.2 ይሆናል፤ ልዩነቱ ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ይወርዳል። ግን ሒሳቡ የሚቆጥረው ሰልፍ ላይ የቆመውን ብቻ ነው። ሴቶች ልጆችና ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ ሰልፉ ውስጥም አይገቡም። ለእነሱ ቁርጥ ያለ ሰዓት ካልተያዘላቸው በሰልፍ ሕግ ብቻ አይደርሳቸውም ባይ ነኝ።

ጋሬት ሃርዲን በ1968 እ.ኤ.አ. የጋራ የሆነ ነገር ሁሉ መጨረሻው መጥፋት ነው የሚል ዝነኛ ጽሑፍ ጻፈ። ኤሊኖር ኦስትሮም ደግሞ በየአገሩ ያሉ የመስኖ፣ የግጦሽና የዓሣ ማኅበረሰቦችን አጥንታ ሁልጊዜ እንዲያ እንዳልሆነ አሳየች፤ በ2009 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ያልጠፉት የጋራ ሀብቶች ሕጉን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ያወጡታል፣ ተቆጣጣሪው ተጠሪነቱ ለእነሱ ነው፣ ቅጣቱም በትንሹ ጀምሮ ነው የሚከብደው። ወደ ውጭ ሳንሄድ፣ የመንዝ ጓሳ ሳር ለዘመናት የቆየው ኅብረተሰቡ ለዓመታት እየዘጋው፣ ሲያገግም እየከፈተው ነው።

በከተማ ግን መዝጋት አደጋ አለው። ኳስ የማይጫወቱበት ሜዳ «ባዶ ቦታ» ይመስላል፤ ባዶ ቦታ ደግሞ አንድ ቀን የድንጋይና የአሸዋ ማራገፊያ፣ ከዚያም ግንባታ ይሆናል። ሙሉ በሙሉ መዝጋትን የማልወደው ለዚህ ነው። ሌላ መንገድ አለ። 105 ሜትሩን ሦስት ቦታ ክፈሉት፤ እያንዳንዳቸው 68 በ35 ሜትር የሆኑ ሦስት ትንንሽ ሜዳዎች ይወጣሉ፣ ጎሎቹም ወደ ጎን መስመሮቹ ይዞራሉ። ያን ጊዜ አሮጌዎቹ ጎል አፎች ጥግ ይሆናሉ። (ጎሉ ድንጋይ የሆነ ሰፈር እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው፤ ብረት የተተከለለት ይቸገራል።) በክረምት አንዱን ክፍል በገመድ አጥራችሁ አሳርፉት፣ በየሦስት ሳምንቱ ተራውን ቀይሩ። በቀሩት ሁለቱ ሰባት ለሰባት ቢጫወቱ በአንድ ጊዜ 28 ልጅ ሜዳ ላይ ነው፤ ሙሉው ሜዳ ተከፍቶ ከሚይዘው 22 ይበልጣል።