በርካታ የመረጃ ቋት ንባቦችን በአንድ ጊዜ ማስተናገድ፦ በትሬድ ወይስ በፕሮሰስ?

የአገር አቀፍ ፈተና ውጤት ይፋ በሚሆንበት ሰዓት በርካታ ተማሪዎችና ወላጆች በተመሳሳይ ደቂቃ ወደ አንድ ድረ ገጽ ይገባሉ። የሁሉም ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ ከመረጃ ቋቱ አንድ መዝገብ ማንበብ። ገጹ ሲዘገይ ወይም ሲቋረጥ ቀድሞ የሚታሰበው መፍትሔ ተጨማሪ ሰርቨር መግዛት ነው። ይሁንና የችግሩ ምንጭ የመሣሪያው አቅም ሳይሆን ሶፍትዌሩ ጥያቄዎችን ጎን ለጎን የሚያስተናግድበት መንገድ ሊሆን ይችላል።

የሁለቱ አሠራሮች ልዩነት

ፕሮሰስ ማለት ስርዓተ ክወናው የራሱን ማህደረ ትውስታ ለይቶ የመደበለት፣ በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ነው። ትሬድ ደግሞ በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ የሚከናወን የሥራ መስመር ሲሆን፣ ከሌሎች ትሬዶች ጋር ማህደረ ትውስታን ይጋራል። በመሆኑም ትሬድን መፍጠር ቀላል ነው፤ የመረጃ ልውውጡም ፈጣን ነው። በአንጻሩ በአንድ ትሬድ ላይ የሚደርስ ከባድ ብልሽት መላውን ፕሮሰስ ሊያስቆም ይችላል። ፕሮሰሶች ተጨማሪ ማህደረ ትውስታ ቢጠይቁም አንዱ ከሌላው የተጠበቀ ነው።

ታዋቂዎቹ የመረጃ ቋት ሥርዓቶችም የመረጡት መንገድ የተለያየ ነው። ፖስትግሬስኪውኤል ለእያንዳንዱ ግንኙነት አንድ ፕሮሰስ ሲመድብ፣ ማይኤስኪውኤል በመደበኛ አሠራሩ አንድ ትሬድ ይመድባል። ሁለቱም ከፍተኛ ጫና ባለባቸው አገልግሎቶች ላይ ይሠራሉ። ስለዚህ አንዱ አሠራር በራሱ ከሌላው ይፈጥናል ብሎ መደምደም አይቻልም።

ወሳኙ ጥያቄ፦ ጊዜው የሚባክነው የት ነው?

በፓይተን የተጻፈ አገልግሎትን ለአብነት እንውሰድ። በመደበኛው ፓይተን በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ በአንድ ቅጽበት የፓይተን ኮድ የሚያስፈጽመው አንድ ትሬድ ብቻ ነው። ትሬዱ ከመረጃ ቋቱ መልስ በሚጠብቅበት ጊዜ ግን ተራውን ለሌሎች ይለቃል።

አንድ ጥያቄ 20 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል እንበል። ከዚህ ውስጥ 18ቱ መልስ መጠበቂያ፣ 2ቱ ደግሞ መልሱን ማዘጋጃ ከሆኑ፣ ጥያቄዎችን በተራ የሚያስተናግድ ፕሮግራም በሰከንድ 50 ጥያቄዎችን ይመልሳል። 10 ትሬዶች ቢመደቡ ግን የመረጃ ቋቱ አቅም እስከፈቀደ ድረስ ቁጥሩ ወደ 500 ሊጠጋ ይችላል። ከዚያ በላይ ትሬድ መጨመር ለውጥ አያመጣም።

ሁኔታው ተገላቢጦሽ ሆኖ ዝግጅቱ 18 ሚሊ ሰከንድ የሚወስድ ከሆነ፣ ትሬዶች ቢበዙም ውጤቱ በሰከንድ ከ55 ብዙም አይበልጥም። በዚህ ጊዜ የሚጠቅመው ፕሮሰስ ነው፤ 8 ኮር ባለው ሰርቨር ላይ 8 ፕሮሰሶች ቢሠሩ ቁጥሩ እስከ 440 ገደማ ሊደርስ ይችላል።

ሊዘነጋ የማይገባው የግንኙነት ብዛት

ፕሮሰሶች የመረጃ ቋት ግንኙነትን አይጋሩም፤ እያንዳንዱ ከተጀመረ በኋላ የራሱን መክፈት አለበት። ለምሳሌ 4 ሰርቨሮች እያንዳንዳቸው 8 ፕሮሰሶች፣ እያንዳንዱ ፕሮሰስ ደግሞ 5 ግንኙነቶች ቢኖሩት ድምሩ 160 ይሆናል። የፖስትግሬስኪውኤል መነሻ ጣሪያ ግን 100 ነው። ጣሪያው ሲሞላ አዲስ ግንኙነት ውድቅ ይደረጋል፤ ተገልጋዩም ከውጤቱ ይልቅ የስህተት መልእክት ያያል። ጣሪያውን ያለ ገደብ ማሳደግ የማህደረ ትውስታ ጫና ስለሚያስከትል፣ እንደ ፒጂባውንሰር ያለ፣ ጥቂት ግንኙነቶችን ለብዙ ጥያቄዎች በተራ የሚያዳርስ ሶፍትዌር መጠቀም ተመራጭ ነው።

ከውሳኔ በፊት መለካት

ተቋማት ሰርቨር ከመግዛታቸው በፊት የጥያቄዎቹን የመጠበቂያና የማዘጋጃ ጊዜ ለይተው መለካት ይኖርባቸዋል። መጠበቁ ካመዘነ ትሬድ፣ ዝግጅቱ ካመዘነ ፕሮሰስ፣ ሁለቱም ጉልህ ከሆኑ ጥቂት ትሬዶች ያሏቸው በርካታ ፕሮሰሶች ይመረጣሉ። መጠይቁ ራሱ የሚዘገየው ኢንዴክስ ባለመኖሩ ከሆነ ግን ሁለቱም አሠራሮች መፍትሔ አይሆኑም። ልኬቱም ከተጨናነቀው ዕለት አስቀድሞ፣ የሚጠበቀውን የተገልጋይ ብዛት በሚመስል ጫና መካሄድ ይገባዋል።