ጉዳይዎ የፌዴራል ነው ወይስ የክልል?

ክስ ከመመሥረትዎ በፊት ይህን ይለዩ። ሥልጣን በሌለው ፍርድ ቤት የተከፈተ መዝገብ ጊዜና ገንዘብ በልቶ ይዘጋል።

የፌዴራል ጉዳይ ሁሉ አዲስ አበባ አያስኬድም። በክልሉ የፌዴራል ፍርድ ቤት ካልተቋቋመ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 78 እና 80 መሠረት የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራል ከፍተኛውን፣ የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደግሞ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃውን ሥልጣን ደርቦ ይሠራል።

የፍርድ ቤቶች ሥልጣን ትልቁ ገደብ ግን ሌላ ነው። አንድ አዋጅ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል የሚለውን ክርክር የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንኳ አይቋጨውም። 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ይመረምራል፤ የመጨረሻው ውሳኔ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው (አንቀጽ 82–84)።

እንዲህ ያለ ነጥብ ካለዎት ለችሎቱ በጊዜና በጽሑፍ ያቅርቡት። መብትዎን ይወቁ፤ ያላወቁትን መብት መጠየቅ አይችሉም።